የባዮሜዲካል ምርምር ፌሎሺፕ ስታቋቁሙ በጀቱን ከመጨረሻው ጀምሩ

በአንድ ታዳጊ አገር የባዮሜዲካል ምርምር እንዲጠናከር ገንዘብ ለመመደብ የወሰኑ ሰዎች ሲያማክሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በዓመት ስንት ሰው መላክ እንችላለን?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ስንት ሰው መቀበል ትችላላችሁ?» ሥራዬ የፌሎሺፕ (ለተመራማሪ ሥልጠና የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ) ማመልከቻ መገምገምና የተሰጠው ገንዘብ የት እንደደረሰ መከታተል ነው። ከዚያ በፊት ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ መሣሪያ) ጨብጬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የኖርኩት። በሁለቱም በኩል ያየሁት ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ማሠልጠኑ ቀላሉ ክፍል ነው። ጎበዝ ተማሪ በየአገሩ አለ፣ የሚቀበለው ጥሩ ዩኒቨርሲቲም አይጠፋም። የሚጠፋው ሠልጥኖ ሲመለስ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ናሙናውን የሚያስቀምጥበት ፍሪዘርና ከሌላ ሥራ ነፃ የሆነ ሰዓት ነው።

ይህን የምጽፈው ገንዘቡን ለሚሰጡ ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወይም ተሰባስቦ ላዋጣ የባለሙያዎች ማኅበር። አመልካቾች ቢያነቡት ግን አይከፋኝም፤ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቃሉ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተመላሹን ሁለት ዓመት መጀመሪያ ጻፉ

ባዶ የበጀት ሠንጠረዥ ክፈቱና ከታች ወደ ላይ ሙሉት። የመጨረሻው መስመር ፌሎው (ፌሎሺፕ የተሰጠው ሰው) ከተመለሰ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው። እዚያ ላይ የደመወዝ ድጎማ፣ ለኬሚካልና ለሪኤጀንት (ለሙከራ የሚያገለግሉ ውሁዶች) የሚሆን ገንዘብ፣ የአንድ ቴክኒሻን ደመወዝ፣ ለአነስተኛ መሣሪያና ለጥገና የሚሆን ጻፉ። ከዚያ የቀረው ምን ያህል ሰው ለስንት ዓመት እንደሚያሠለጥን አስሉ። በዚህ መንገድ ስትሠሩት የሠልጣኙ ቁጥር ካሰባችሁት በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ይውረድ። ቦርዳችሁ ላይ «ሃያ ላክን» ማለት ደስ ይላል፤ ከሃያዎቹ ስንቱ ዛሬ በራሱ ጥያቄ ላይ እየሠራ ነው ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1991 የተጀመረው፣ ፒው የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የላቲን አሜሪካ የባዮሜዲካል ሳይንስ ፌሎሺፕ ወጣት ተመራማሪዎችን ለሁለት ዓመት ድኅረ ዶክትሬት አሜሪካ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ የራሱን ቤተ ሙከራ ለሚከፍት ለመሣሪያ መግዣ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ራሱ እንደሚለው ከተሳታፊዎቹ 70 በመቶ ያህሉ ተመልሰዋል። ይህን ውጤት በመሐላ ወይም በማስፈራሪያ አያመጡትም። ሰውየው ገና ሲሄድ፣ ሲመለስ ባዶ ክፍል እንደማይጠብቀው ያውቃል።

ስለ ግዴታ ውል ከተነሳ አቋሜን ልናገር። «ካልተመለስክ ገንዘቡን ትከፍላለህ» የሚል ውል አስፈርሙ፣ አይጎዳም፤ ግን አትተማመኑበት። ድንበር ተሻግሮ ዕዳ ማስከፈል ከገንዘቡ የበለጠ ጠበቃ ይበላል። የአሜሪካው ጄ-1 ቪዛ (ለልውውጥ ጎብኚዎች የሚሰጠው) ደንቡ ለሚመለከታቸው ሰዎች ሁለት ዓመት በአገራቸው እንዲቆዩ ያስገድዳል፤ ያ ሰውየውን አውሮፕላን ላይ ሊያሳፍረው ይችላል፣ ተመራማሪ ሆኖ መቆየቱን ግን አያረጋግጥም። ሁለቱን ዓመት ቢሮ ውስጥ ቀን ሲቆጥር አሳልፎ የሚሄድ ሰው ለማንም አይጠቅምም። ደግሞም የሠለጠነውን ሰው የሚወስደው ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ያለ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ብዙ ጊዜ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ዶክተሩ አገር ውስጥ አለ፤ ሪፖርት ይጽፋል፣ ስብሰባ ይመራል፤ ፒፔት ከነካ ግን ቆይቷል።

የተቋሙን ደብዳቤ በአጉሊ መነጽር አንብቡ

ማመልከቻ ሲደርሰኝ በቅድሚያ የምከፍተው የጥናቱን ሐሳብ አይደለም፤ ከአመልካቹ መሥሪያ ቤት የመጣውን ደብዳቤ ነው። «ዩኒቨርሲቲያችን ለአመልካቹ ሙሉ ድጋፍ እንደሚያደርግ እየገለጽን» የሚል ከሆነ ማንም ምንም ቃል አልገባም ማለት ነው። የምፈልገው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ነው፦ አመልካቹ በቋሚነት የተቀጠረ ነው፤ በሥልጠና ላይ እያለ መደቡ አይነካም፤ ሲመለስ በሳምንት ይህን ያህል ቀን ለምርምር ይለቀቃል፤ በዓመት ከዚህ ቁጥር የማይበልጥ ኮርስ ያስተምራል፤ ይህ ክፍል ከነመብራቱና ከነውኃው ለእሱ ተመድቧል። ፈራሚው ደግሞ የደመወዝ መዝገቡ በእጁ ያለ ሰው መሆን አለበት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሁለት ዓመት ይቀየራል፤ ዲን ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት አብሮ ይፈርም።

ሰዓቱ ላይ በተለይ አትላሉ። ታዳጊ አገር ውስጥ ዶክትሬቱን ይዞ የተመለሰ ወጣት የመጀመሪያ ስጦታው የኮሚቴ ሰብሳቢነት ነው። ማስተማሩ፣ ፈተና ማረሙ፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳው፣ የግዥ ኮሚቴው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል፤ ሐኪም ከሆነ ደግሞ የሌሊት ተራም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አካል የሆነው የፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ለታዳጊ አገር ጀማሪ ተመራማሪዎች በሚሰጠው ኬ-43 የተባለ ግራንት (የምርምር ገንዘብ) ላይ ተሸላሚው ከሥራ ጊዜው ቢያንስ 75 በመቶውን ለምርምርና ለሙያ እድገቱ እንዲያውል ግዴታ አለበት። እናንተም ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ግን ዋጋውን ክፈሉ፤ ኮርሱን የሚሸፍን ምትክ መምህር ወይም ተራውን የሚወጣ ሐኪም ደመወዝ በጀታችሁ ውስጥ ካልገባ፣ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው፣ ባልደረቦቹም ይጠሉታል።

የት ይሠልጥን?

ለዶክትሬት ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ምዝገባው አገር ቤት፣ የተወሰነ ወራት ደግሞ ውጭ። ሳንድዊች የሚባለው ዓይነት። በ2008 የተመሠረተው፣ ካርታ (CARTA) የተባለው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ፌሎዎቹን የሚመርጠው ከአባል ተቋማቱ ሠራተኞች መካከል ነው፤ ሰዎቹ መደባቸውን ሳይለቁ ይማራሉ፣ በየደረጃው በሚዘጋጁ የጋራ ሴሚናሮች ከሌሎች አገሮች ጓዶቻቸው ጋር ይገናኛሉ፣ ሲጨርሱም ለመቋቋሚያ የሚሆን ግራንት መወዳደር ይችላሉ። የዚህ አካሄድ ትልቁ ትርፍ የጥናቱ ጥያቄ ከአገሩ በሽታ ጋር መቆየቱ ነው። ሙሉ አምስት ዓመት ውጭ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ የአማካሪውን ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፤ ጥያቄው ደግሞ የአማካሪውን ማሽን ይፈልጋል።

ለድኅረ ዶክትሬት ግን መሄዱን እደግፋለሁ፣ ረዘም ላለ ጊዜም ቢሆን። አንዳንድ ነገር ጠንካራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳይኖሩ አይለመድም፦ ያልሠራ ሙከራ ላይ እንዴት እንደሚጨቃጨቁ፣ መቼ እንደሚተዉት፣ የተወዳዳሪን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያነቡ። በሁለቱም ሁኔታ ሁለት አማካሪ ይኑር፣ አንዱ አገር ቤት አንዱ ውጭ፤ ለአገር ቤቱም ክፈሉት። ውጭ ላለው ፕሮፌሰር ለቤተ ሙከራ ወጪ እየከፈሉ አገር ቤት ላለው «ለአገርህ ስትል» ማለት የተለመደ ነው፣ አሳፋሪም ነው።

ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ዝውውር ውል ከመሄዱ በፊት ይፈረም። ማን ያስቀምጠዋል፣ የተረፈው ናሙና ይመለሳል ወይስ ይወገዳል፣ ዳታው የማን ነው፣ ጽሑፉ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስም የማን ይሆናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በሁለቱም አገር ያስፈልጋል፤ ይህ ወራት ስለሚወስድ የፌሎሺፑ ሰዓት ፈቃዱ ሲገኝ እንዲጀምር አድርጉ። በ2012 የመጀመሪያ ግራንቶቹን የሰጠው ኤች-3 አፍሪካ የተባለው የጂኖም ምርምር ፕሮግራም ትቶት ካለፈው ትምህርት አንዱ ይህ ነው፤ ሰው ከማሠልጠን ጎን ለጎን በዩጋንዳ፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ የናሙና ማከማቻዎችን፣ ለዳታ ትንተና ደግሞ አንድ ሰፊ የባዮኢንፎርማቲክስ መረብ ደግፏል። ማከማቻ ከሌለ ናሙናው ይሄዳል፤ ናሙናው ከሄደ ተማሪውም ተከትሎት ይሄዳል።

ገንዘቡ ምን ይግዛ፣ ምን አይግዛ

ትልቅ ማሽን አትግዙ። ቢያንስ በመጀመሪያው ዙር አትግዙ። ለፎቶ ጥሩ ነው፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ከዚያ አንድ ሰሌዳ ይቃጠላል፤ ጠጋኙ ያለው ሌላ አህጉር ላይ ነው፤ የአገልግሎት ውሉ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። መሣሪያ መግዛት ግድ ከሆነ ከዋጋው ጋር የአምስት ዓመት የጥገና ውል፣ የኤሌክትሪክ ማረጋጊያና የመጠባበቂያ ባትሪ አብራችሁ አስሉ። ማሽኑ የራሱን ኩባንያ ሪኤጀንት ብቻ የሚቀበል ከሆነ የሪኤጀንቱን የዓመት ዋጋ መጀመሪያ ጠይቁ፤ በነፃ የተሰጠ ማሽን በሪኤጀንቱ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። በእርዳታ የመጣ፣ የቮልቴጁ ልክ የማይገጥም፣ መለዋወጫው ከገበያ የወጣ ዕቃ ደግሞ የታዳጊ አገር ቤተ ሙከራ ኮሪደር ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ፣ ዳንቴል ለብሶ።

የሚያዋጣው ትንሹ ነገር ነው። ፒፔቶችን በየዓመቱ ማስለካት፣ ሰማንያ ከዜሮ በታች ለሚሠራው ፍሪዘር የሙቀት ማንቂያ፣ ንጹሕ ውኃ የሚያወጣ መሣሪያ ማጣሪያ መቀየር፣ ጥሩ ኢንተርኔት። ስለ እነዚህ ማንም ጋዜጣዊ መግለጫ አይሰጥም። እነሱ ሲጎድሉ ግን ሰው ውጭ ሳለ በአንድ ሳምንት ይጨርሰው የነበረውን ሥራ በወራት አይጨርሰውም፤ ያኔ ነው ለቀድሞ አማካሪው ኢሜይል መጻፍ የሚጀምረው።

የጉምሩክን ነገር ለብቻው ያዙት። ኤንዛይም በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይመጣል፤ ደረቅ በረዶ ደግሞ በ78 ዲግሪ ከዜሮ በታች በቀጥታ ወደ ጋዝነት ስለሚለወጥ እያለቀ ይሄዳል። ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ «ወረቀቱ አልተሟላም» የተባለ ካርቶን ሰኞ ሲወጣ ውስጡ ያለው ሞቆ የተበላሸ ኤንዛይም ነው፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፌሎው ከመመለሱ በፊት ሦስት ነገር ይጠናቀቅ፦ ከቀረጥ ነፃ የሚያደርግ ደብዳቤ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚወጣና ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ በስሙ የሚጠራ አንድ አስመጪ ሠራተኛ፣ ጭነት የሚያርፍበት ቀን ከሳምንቱ መጀመሪያ እንዲሆን ከአቅራቢው ጋር ስምምነት። ከቻላችሁ ሦስት አራት ቤተ ሙከራዎች በአንድነት ይዘዙ።

አበሉን በተመለከተ አጭር ልበል። አገር ውስጥ የሚሠራ ፌሎው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይፈልግ መኖር የሚችልበት መጠን ክፈሉ፤ የኑሮ ውድነቱ ሲንር የሚስተካከልበት አንቀጽ ይኑር፤ ውጭ ላለው ደግሞ ከወሩ መጀመሪያ በፊት ይግባ። የአበል ስብሰባ እየተከተለ የሚኖር ተመራማሪ ሙከራው መሀል ላይ ይነሳል።

ዶክተሩን ብቻ አታሠልጥኑ

በጀታችሁ ውስጥ የባዮሜዲካል መሣሪያ ጠጋኝ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፣ የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የዳታ አስተዳዳሪና የግራንት ሒሳብ ሠራተኛ ፌሎሺፕ ይኑር። አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቆይታቸውም ከዶክተሮቹ ይረዝማል። በተለይ የመጨረሻው። ተመላሹ የራሱን የውጭ ግራንት ሲያሸንፍ ገንዘቡን የሚቀበል፣ ኦዲት የሚያስደርግ፣ ሪፖርት በወቅቱ የሚያስገባ ቢሮ ከሌለ ሁለተኛ ግራንት አይኖርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለውጭ ተቋማት የአስተዳደር ወጪ ብለው ሲሰጡ የኖሩት 8 በመቶ ነው፤ የአገራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ሲደራደሩ ኖረዋል። በ8 በመቶ ጠንካራ የፋይናንስ ቢሮ አይቆምም፤ ጉድለቱን እናንተ ሙሉት።

አንድ ቦታ ላይ ሰብስቡ

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች ከእኔ ጋር አይስማሙም። በየዩኒቨርሲቲው፣ በየክልሉ፣ በየዘርፉ አንድ አንድ ሰው ማዳረስ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ፖለቲከኞችም ይወዱታል። ግን አንድ እንጨት አይነድም። ብቻውን የተመለሰ ኢሚዩኖሎጂስት (የሰውነት በሽታ መከላከያ ተመራማሪ) የሚያወራው ሰው የለውም፣ ፍሪዘሩ ሲበላሽ የሚያበድረው የለም፣ ታሞ ቢቀር ፕሮጀክቱ ይቆማል። አራት አምስት ሰው በአንድ ዘርፍ፣ በአንድ ግቢ፣ በተከታታይ ዓመታት ቢመለሱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ማሊ፣ ባማኮ ላይ በ1992 በኦጎባራ ዱምቦ መሪነት የተመሠረተው የወባ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል የዚህ ማሳያ ነው። ውጭ የተማሩ ማሊያውያን ተራ በተራ እዚያው አንድ ማዕከል እየተመለሱ፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጋር ለዓመታት በዘለቀ አጋርነት፣ የወባ ክትባት ሙከራ የሚያካሂድ ቡድን ሆኑ። ናይጄሪያም እንዲሁ። ሀርቫርድ የሠራው ክርስቲያን ሀፒ በሪዲመርስ ዩኒቨርሲቲ የመራው የተላላፊ በሽታዎች ጂኖሚክስ ማዕከል በ2014 ሌጎስ የገባውን ኢቦላ ካረጋገጡት ቤተ ሙከራዎች አንዱ ነበር፤ በመጋቢት 2020 ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያውን የኮሮና ቫይረስ ጂኖም ቅደም ተከተል አወጣ። በኅዳር 2021 ኦሚክሮን ከቦትስዋናና ከደቡብ አፍሪካ ሲታወቅ፣ ቦትስዋና ላይ ቡድኑን የመራው ሲኩሊሌ ሞዮ ዶክትሬቱን እዚያው በአካባቢው፣ ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የሠራ ሰው ነው። እነዚህ ቦታዎች ወረርሽኝ ሲመጣ አልተቋቋሙም፤ ሰውና ማሽን ቀድሞ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነበር።

መራጮቹና ተመራጮቹ

ታዳጊ አገር ውስጥ በአንድ ዘርፍ ያሉ ተመራማሪዎች ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ አብረው ተምረዋል፣ ተጋብተዋል፣ ተጣልተዋል። ስለዚህ ከገምጋሚዎቹ ግማሹ ከውጭ ይሁን፤ ከተቻለ ከሌላ ታዳጊ አገር፣ ምክንያቱም ከሀብታም አገር ብቻ የመጣ ገምጋሚ «ለምን ፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚመረምር ውድ ዘዴ) አልጨመረም?» ይላል። የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ብዙ አትመኩ፤ ሁሉም ሰው «ካየኋቸው ምርጥ ተማሪዎች አንዱ» ነው። ደውሉ። ስትደውሉ ደግሞ «ጎበዝ ነው ወይ?» አትበሉ፤ «ሙከራው ሦስት ጊዜ ሲከሽፍ ምን አደረገ?» በሉ። መልሱ ከሁለት ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል።

አመልካቹን ቃለ መጠይቅ ላይ ስታገኙት ጥያቄዎቻችሁ መሬት የነኩ ይሁኑ። ናሙናው ከየት ይመጣል? ማን ይቀዳዋል? የትኛው ፍሪዘር? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን ያስነሳል? ይህን የመለሰች አመልካች እንግሊዝኛዋ ቢሰባበርም አሳልፏት።

የዕድሜ ገደብ አታድርጉ። «ከ35 ዓመት በታች» የሚለው መስፈርት ወልዳ የዘገየችን ሴትና ገጠር ሲያገለግል የቆየን ሐኪም አንድ ላይ ይጥላል። ከዲግሪው ወዲህ ያለውን ዓመት ቁጠሩ፣ ከዚያም ላይ የወሊድና የግዴታ አገልግሎት ጊዜውን ቀንሱ። ለልጅ ማቆያ የሚሆን መስመር በጀቱ ውስጥ ካስገባችሁ የሴት አመልካቾች ቁጥር ላይ ለውጥ ታያላችሁ፤ ከማስታወቂያው ግርጌ «ሴቶች ይበረታታሉ» ከሚለው ዓረፍተ ነገር የተሻለ ይሠራል።

የአገሩ ገንዘብ ይግባበት

በውጭ ገንዘብ ብቻ የቆመ ፌሎሺፕ ሰጪው ፊቱን ባዞረ ቀን ያበቃል። ህንድ ላይ በ2008 የተጀመረው ኢንዲያ አሊያንስ የህንድ መንግሥት የባዮቴክኖሎጂ መምሪያና ዌልካም የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት በጋራ የሚከፍሉት ነው፤ ፌሎሺፖቹ ለዓመታት የሚዘልቁ ናቸው፣ የሚሰጡትም ህንድ ውስጥ ለሚሠራ ምርምር ነው። ብራዚል ላይ የሳኦ ፓውሎ ግዛት ሕገ መንግሥት ከግዛቱ የግብር ገቢ 1 በመቶ ፋፔስፕ ለተባለው የምርምር ድርጅት እንዲሰጥ ያዛል፤ ድርጅቱም ለራሱ አስተዳደር ከበጀቱ 5 በመቶ በላይ ማውጣት አይችልም። ሁለተኛውን አንቀጽ ከመጀመሪያው አስበልጬ እወደዋለሁ። ከመንግሥት ጋር ስትዋዋሉ ጥሬ ገንዘብ ባይኖራቸው እንኳ ደመወዝ፣ ክፍል፣ መብራትና የቀረጥ ነፃ መብት ያዋጡ፤ በየዓመቱ ድርሻቸው የሚጨምርበት ሰሌዳ ውሉ ላይ ይኑር።

ምን ትለካላችሁ

የሠለጠነ ሰው ብዛት አትለኩ፣ የታተመ ጽሑፍ ብዛትም ብቻውን አይበቃም፤ ስሙ መሀል ላይ የተቀመጠበት ሃያ ጽሑፍ ምን እንዳሠራው አይነግራችሁም። ከተመለሰ ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚህን ጠይቁ፦ ያው መደብ ላይ ነው? ከእናንተ ሌላ ማን ገንዘብ ሰጠው? ስንት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ አስመረቀ፣ እነሱስ የት ናቸው? የጤና ሚኒስቴሩ በሥራው ላይ ተመሥርቶ የቀየረው መመሪያ አለ? ፍሪዘሩ ይሠራል?

የሪፖርቱ ቅጽ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፣ በዓመት አንዴ ብቻ ይምጣ። የቀረውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣችሁ ቤተ ሙከራው ሂዱ፤ ዳይሬክተሩን ሳይሆን ቴክኒሻኑን አስጎብኝ በሉት።